እጅጌው ውስጥ የቀረች እፍኝ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለሰላሁን፣ አርባ ምንጭ።

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ለቀቀህ ወይ? የባለቤትህ የትርንጎ ደም ግፊት ወረደላት? የአማትህ የእማማ ወለተሰንበት ዓይንስ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ሰው መለየት ጀመረ? እኔ ከጉልበቴና ከዱቄቱ ሳል በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ተቆጥቼ ነው የምጽፍልህ፤ ቢሆንም ተቆጣሁ ብዬ የቤተሰብህን ጤና ሳልጠይቅ አላልፍም።

በስልክ ያልነገርኩህ ስለምታቋርጠኝ ነው። ባለፈው እሑድ ገና አፌን ስከፍት "ጋሼ፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው፤ ልጁ ተምሯል፣ የወፍጮ ቤቱን ፈቃድ በስሙ አዙርለትና ዕረፍ" ብለህ ዘጋህብኝ። ደብዳቤ አይዘጋም። ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ።

ልጅህ በሱፍቃድ ሜክሲኮ ካለው ኮሌጅ ቢዝነስ ተምሮ ሲመረቅ ወፍጮ ቤቱን እንዲይዝልኝ ያስገባሁት እኔው ነኝ። ልጅ የለኝም፤ ከእሱ ሌላ ወራሽም አልፈለግሁም። መጀመሪያ ላይ ሥራው ደስ አሰኝቶኝ ነበር። ወረፋውን በቁጥር አደረገው፣ ግድግዳውን ኖራ ቀባ፣ የበርበሬውን ወፍጮ ከጤፉ በግንብ ለየው። ይህን አልክድም።

ታውቃለህ፣ ዱቄቱ ከወፍጮው የሚወርደው በጨርቅ እጅጌ ነው። እህሉ ሲያልቅ እጅጌው ላይ ዱቄት ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ ፈጪው ጨርቁን አራት አምስት ጊዜ ይመታዋል፣ የቀረውም ባለቤቱ ዕቃ ውስጥ ይራገፋል። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲሁ አድርገናል። በሱፍቃድ ግን ሠራተኛዬን ዱሬሳን "አንዴ መታ አድርግና ቀጣዩን አስገባ፤ ወረፋ ይረዝማል" ብሎ አዘዘው። ቤቱ ሲዘጋ ልጁ ራሱ እጅጌዎቹን አራግፎ የቀረውን በጆንያ ያጠራቅማል፤ ጆንያው ሲሞላ ለዶሮ መኖ ነጋዴ ይሸጣል።

ያወቅሁት በዙሃራ ነው። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የምትኖረው፣ ሜክሲኮ አንድ መሥሪያ ቤት የምታጸዳው ደንበኛዬ ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጤፏን ደጄ ላይ ጥላ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ዱቄቷን ተሸክማ ትገባለች። አንድም ቀን ቆማ አላየችም። ባለፈው ወር መጥታ "ጋሽ ገብሬ፣ ወፍጮዎ ምሳ መብላት ጀመረ እንዴ?" አለችኝ። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ለካ ጤፏን ሱቅ አስመዝና ነበር የምታመጣው፤ ዱቄቱንም መልሳ ብታስመዝነው ሦስት ጊዜ በተከታታይ እፍኝ እፍኝ ጎድሎባታል።

በሱፍቃድን ጠርቼ ጠየቅሁት። አልካደም። "ጋሼ፣ ከአንድ ሰው አንድ እፍኝ ናት፤ ማንም አይጎዳባትም። ለእኛ ግን ወጪ የሌለበት ገቢ ነው። የቢዝነስ ዓላማው ትርፍ አይደል?" አለኝ። የወሰድከውን መልስ ብለው "ለማን ልመልስ? ተደባልቋል እኮ" አለ። ያቃጠለኝ ይኸው ነው። ወስዶ እንኳ ለባለቤቱ መመለስ የማይችለውን ነገር ወሰደ።

አንተ አስተማሪ ነህ፤ እኔ ፊደል የለየሁት ጆንያ ላይ ከተጻፈው ነው። ቢሆንም ንግድ ምን እንደሆነ ልንገርህ፤ አንተ ደግሞ ለልጅህ አስተምረው። ትርፍ አልጠላም፤ ያለ ትርፍ የወፍጮው ድንጋይ አይወቀርም፣ ዱሬሳም ደመወዝ አያገኝም። ግን ሰው የሚከፍለኝ ሞተር ስላለኝ አይደለም፤ ሞተር ያለው ብዙ ነው። ቤታቸው ፈርሶ ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም የገቡት ሴቶች፣ ደጃቸው ላይ ወፍጮ እያለ ሁለት ታክሲ ይዘው ልደታ ድረስ የሚመጡት ለምን ይመስልሃል? እህላቸውን ጥለው መሄድ ስለሚችሉ ነው። አንዷ ሥራዋ ትገባለች፣ አንዷ ሐኪም ቤት የተኛ ሰው ትጠይቃለች፣ አንዷ ለፍርድ ቤት ቀጠሮዋ ትደርሳለች። እኔ የምሸጥላቸው ያን ግማሽ ቀን ነው። ልጅህ እፍኟን ወስዶ ግማሽ ቀናቸውን ቀማቸው።

አሁን ወሬው ተዳርሶ ሁሉም ቆመው ያስፈጫሉ። ዙሃራ አለቃዋን አስፈቅዳ መጥታ፣ ጀሪካን ገልብጣ ተቀምጣ፣ ጤፏ እስኪያልቅ ዓይኗን ከእጅጌው አልነቀለችም። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም። በዕድሜዬ ብዙ ሰው ሰድቦኛል፤ እንዲህ ተሰድቤ ግን አላውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ጆንያውን እኔም አይቼው ነበር። ከሁለት ወር በፊት ጥግ ላይ ቆሞ አየሁትና ምንድን ነው ብዬ መጠየቅ ስችል አልጠየቅሁም። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ገቢው አድጓል፣ እኔም ደክሞኛል ብዬ አለፍኩት። ይህን ለበሱፍቃድ አልነገርኩትም።

እንግዲህ ቁርጡን ስማ። ፈቃዱን አላዞርም። በሱፍቃድን ከጠረጴዛው አንሥቼ ከዱሬሳ ጋር እጅጌው ሥር አቁሜዋለሁ። "ዲግሪ ይዤ ዱቄት ላራግፍ?" ብሎ ሁለት ቀን ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መጥቶ ሽርጡን አሰረ። ትርንጎ "ልጄን በዱቄት አነጣው" ማለቷን ሰምቻለሁ፤ ዱቄት ይታጠባል በላት።

ቅዳሜ ዙሃራ መጣች። በሱፍቃድ እጅጌውን አምስት ጊዜ መታ፣ ስድስተኛም ጨመረ፤ "አለቀ፣ እትዬ ዙሃራ" አላት። እሷም ከጀሪካኗ ተነሥታ በገዛ እጇ ደግማ መታችው። ከዚያ ዱቄቷን ተሸክማ ወጣች።

ዙሃራ ጤፏን ደጄ ላይ ጥላ ወደ ሥራዋ በሄደች ማግስት ወረዳ ሄጄ ፈቃዱን በስሙ አዞራለሁ። ያ ቀን ካልመጣ ወፍጮው ከእኔ ጋር ይዘጋል። ደውለህ አትለምነኝ፤ ጉዳዩ ከእኔ እጅ ወጥቷል።

የእማማ ወለተሰንበትን ጉልበት ሳምልኝ። ትርንጎን ልጅሽ ይበላል፣ ይተኛል፣ ከእኔ ጋር ብቻ አይነጋገርም በላት። ትንሿን ልጅህን ትምህርቷን እንድትበረታ ንገራት። ዱሬሳ ሰላም ብሎሃል። በሱፍቃድ ሰላም በልልኝ አላለም፤ ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት የሚያደርሰው ግን እሱ ነው። ፖስታውን ሳላሽገው እሰጠዋለሁ።

ወንድምህ ገብረጊዮርጊስ
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.