ማር የቀባሽልኝ ጠዋት

እማዬ ዓለሜ፣

ከተለየሽኝ እነሆ ዓመት ሞላ። ትናንት የሙት ዓመት ተስካርሽን አወጣሁ። ካህናቱ ጸሎቱን እንዳደረሱ፣ ዳሱ ውስጥ መጀመሪያ ያስቀመጥሁት ሽማግሌዎቹን ሳይሆን ከሐይቁ ዳር የሚያድሩትን ልጆች ነው። ከማክሰኝት የመጡት ወንድምሽ ጋሼ አየለ ተቆጡ። ለውርጋጥ ሁሉ ቅድሚያ ተሰጥቶ እኛ ፍርፋሪ ልንጠብቅ ነው ወይ አሉ። ምላሴ የአንቺው አይደል፣ አንድ ቀን ፍርፋሪ ቢጠብቁ አይሞቱም አልኋቸው። እስካሁን አኩርፈውኛል፤ ይኩረፉ።

እኔ ፍርፋሪን ስለማውቀው ነው። ወላጅ እናቴ ከአንበሳሜ ለሕክምና ይዛኝ መጥታ እዚሁ ባሕር ዳር ስትሞትብኝ፣ ያስጠጋችኝ እንደኔው ሜዳ ላይ የቀረች እኩያዬ ሰዋለም ነበረች። እንዴት እንደሚበላ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ጠዋት ዓሣ አጥማጆቹ ታንኳቸውን ሲያስጠጉ የሚጥሉትን የዓሣ ራስ ከወፎቹ ተሻምተን በቆርቆሮ እንጠብሳለን። በበዓል ቀን ደጀ ሰላም እንቀመጣለን። ከዚያ ያንቺ ጠጅ ቤት ጓሮ ነው፤ ጠጁን ስታጣሪ የምትጥይውን ሰፈፍ እያኘክን ጣዕሙን እንመጥጣለን። በማማሰያ ታባርሪን ነበር። ሰፈፉን ግን ንጹሕ ቅጠል ላይ ነበር የምትጥይው። አውቄብሽ ነበር እኮ!

ያን ጠዋት የአብዮት ጥበቃዎች መጡ። ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተብሎ፣ ጎዳና ላይ የተገኘ ልጅ ሁሉ በካሚዮን ይጫን ነበር። ወዴት እንደሚወስዱን የነገረን የለም። ሰዋለምን ጓሮሽ በር ላይ ያዟት። እኔ ሮጬ ቀሚስሽ ሥር ገባሁ። ልጄ ናት አልሽ። ጠባቂው ሳቀ፤ መውለድ እንዳልሆነልሽ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ የለ! የጡት ልጄ ናት አልሽ። መቼ አጠባሻት ቢልሽ፣ አሁን ብለሽ እጅሽን ከማር ማሰሮው ነከርሽ። በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት ጡትሽን አውጥተሽ ማሩን ቀባሽና አጠባሽኝ። የጡት ልጅ መሆን ምን እንደሆነ እኔ መች አውቄ! ርቦኝ ነበር፣ ማር አገኘሁ፤ እስኪያምሽ መጠጥሁት። ጠባቂው የአገሩ ልጅ ነውና ወጉን ያውቃል። በሰው ፊት ጡት የጠባችን ልጅ ከእናቷ መንጠቅ ፈራ መሰለኝ፣ ፊቱን አዞረ።

አንቺ ግን በዚህ አላበቃሽም። ጡትሽን ሳትሸፍኚ፣ እጅሽ ማር እንደያዘ ወደ ካሚዮኑ ሮጥሽ። ሰዋለም ከላይ ሆና እጇን ዘርግታልሽ ነበር። መኪናው ተነሣ። አልደረስሽባትም።

ከዚያ ወዲህ ዓባይ ማዶ ድረስ እየወረድሽ የጭነት መኪና ሹፌር ባየሽ ቁጥር፣ ግንባሯ ላይ ጠባሳ ያለባት ልጅ አላየህም ወይ እያልሽ ኖርሽ። ወሬዋን ያመጣ አልተገኘም።

በመጨረሻይቱ ቀን፣ ዓይንሽ ከደከመ በኋላ፣ ሰዋለም ብለሽ ተጣራሽ። አጠገብሽ የነበርሁት ግን እሷ ሳትሆን እኔ፣ ልጅሽ ይታይሽ ነኝ። አቤት እማዬ አልሁሽ። መጣሽ ወይ አልሽኝ። አዎ፣ መጣሁ አልሁሽ። እጄን ጥብቅ አድርገሽ ያዝሽና እፎይ አልሽ።

እማዬ፣ ሹፌሮቹን መጠየቁን አልተውሁም፤ አልተውምም። እስከዚያው ግን በአንድ አፍ አቤት ያልንሽ ሁለት ነን። እኔ በሕይወት እስካለሁ ሁለት ልጆች ያስታውሱሻል።