ሦስት ቀን መኪና እንዳይነካው

ሰኞ፣ ኦገስት 11

የምሠራበት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት እስኪከፈት ገና ሦስት ሳምንት አለ። እግሬን ሰቅዬ ከጓሮ የለቀምኩትን ቲማቲም ስበላ ዋልኩ። አመሻሽ ላይ ስልክ ጮኸ... ኮሪን! መጀመሪያ በድምጿ አላወቅኋትም። የገዛ ልጄን።

«ቅዳሜ በእናንተ በኩል እናልፋለን። ሚሺጋን፣ የረስል እናት ጋ ነው የምንሄደው። ምናልባት ከምሳ በኋላ ለአንድ ሰዓት ጎራ እንል ይሆናል። ምናልባት ነው ያልኩሽ።»

«እሺ፣ ደስ ይለኛል» አልኩ። በቃ ይኸው ነው የተናገርኩት። ምላሴ ሲፈለግ ይተሳሰራል፤ ባልተፈለገ ጊዜ ግን... ከሦስት ዓመት በፊት ጋራዡ በር ላይ ቆሜ «ያንን ሁለቴ የፈታ ሰውዬ ይዘሽ በዚህ በር አትገቢም» ያልኳት በዚሁ ምላስ ነው። ረስልን አገባችው። ሳትጠራኝ። አይሪስ ተወለደች። ሁለት ዓመቷን ልትደፍን ነው፤ ጠረኗን እንኳ አላውቀውም።

ማክሰኞ 12

በጠዋት ወጥቼ የመኪና መግቢያዬን አየሁት። አፈርኩ። ጠቁሯል፣ በጥላው በኩል አረንጓዴ ሻጋታ ይዞታል። የፊት ለፊቱን በር ሶፋ ከገተርኩበት ስንት ዓመቱ! ሰው ሁሉ በጋራዥ ነው የሚገባው። ያ ኮንክሪት ደጃፌ ነው እንግዲህ። ኮሪን እንዲህ ሆኖ ታየው?

የኖርበርትን የግፊት ውሃ ማጠቢያ ተዋስኩ። ጎረቤቴ ናቸው፣ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ኮንክሪት ሲያፈሱ የኖሩ ሰው። አጥር ላይ ተደግፈው ሊያዙኝ ቆሙ።

«አታስጠጊው! ትቆፍሪዋለሽ! ሰው መሰለሽ የምትቆጪው?»

«እርስዎ ደግሞ አንድ ቀን ሳይሰድቡኝ ቢውሉ ምን ይላሉ?»

«መጀመሪያ በሳሙና ፈትጊ። ዘይት የጠጣው ላይ የድመት አሸዋ በትኝበት፣ ዘይቱን እየመጠጠ ይደር።»

ፈተግኩ። ቆሻሻው እንደ አተላ ወረደ። ወገቤ ተቆረጠ። ግን ከሥሩ እንዲህ ነጭ ነበር እንዴ?

ረቡዕ 13

ኖርበርት ላስቲክ ቆርጠው ኮንክሪቱ ላይ በፕላስተር አራቱንም ጎን ለጠፉልኝ። «ነገ ከሥሩ ላብ ካየሽ ኮንክሪቱ ላይ የምትቀቢውን ማሸጊያ ንክች እንዳታደርጊ። ውስጡ ውሃ አለ ማለት ነው። ብትቀቢው እንደ ወተት ነጥቶ ይቀርብሻል።»

አይሪስ ቲማቲም ትበላ ይሆን? ማንን ልጠይቅ?

ሐሙስ 14

ላስቲኩ ሥር ላብ። ሙሉውን።

አርብ 15

ደርቋል! ማሸጊያውን ባልዲ ሳወጣ ኖርበርት መጡ።

«ልጅሽ ነገ አይደል የምትመጣው? ዛሬ ከቀባሽው እኮ ሦስት ቀን መኪና አይነካውም።»

«መንገድ ዳር ታቆምና በሣሩ በኩል ትገባለች።»

«ቆሻሻ ደጃፍ የገደለው እንግዳ አላየሁም። ተይው።»

አልተውኩም። ምን ላድርግ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልኩትን በአፌ መመለስ አቅቶኝ... ቢያንስ ደጃፌ እንኳን ደህና መጣሽ ይበላት ብዬ ነው። በሩሎ አንድ ጊዜ ቀባሁ። «ስስ አድርጊው» ብለውኝ ነበር። ሁለተኛውን ወፈር አደረግኩት፣ እንዲያበራ። ከወገቤ ቀና ስል ለካ መኪናዬን ጋራዥ ውስጥ ቆልፌባታለሁ። ሳቅኩ። የት ልሄድ?

ገመድ ወጠርኩበት። ካርቶን ላይም «መግባት ክልክል ነው» ብዬ በትልቁ ጽፌ ሰቀልኩ። «እርጥብ ነው» ለሚለው ቦታ አልበቃኝም። ይሁን፣ ማን አያውቅም?

ያበራል። ዝናብ የነካው ጠጠር ይመስላል።

ቅዳሜ 16፣ ጠዋት

ሌሊቱን ወበቅ ነበር፣ ኮንክሪቱ በጣት ሲነኩት አሁንም ይይዛል። የድንች ሰላጣው ፍሪጅ ገብቷል። አይሪስ ምን ላይ ተቀምጣ ትበላለች? ከቤተ ክርስቲያን የሕፃን ወንበር ልዋስ። በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ። ገና ረፋድ ነው።

እሑድ 17

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

ወንበሩን ተሸክሜ ስመለስ ኖርበርት ሣሩ ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። ሰው የሞተ ነው የመሰለኝ።

«መጥተው ሄዱ» አሉ።

«እነማን?»

«እነማን ይሆናሉ! ቀደም ብለው ነው የደረሱት። ልጅሽ ሕፃኗን ታቅፋ ገመዱ ጋ ቆመች። ካርቶኑን አነበበች። ‹ከቀን ሁሉ ዛሬን መረጠች?› አለችኝ። ላንቺው ብላ ነው ብላት መች ሰማችኝ። ‹መልሷ ገብቶኛል› ብላ መኪናው ውስጥ ገባች።»

ስልኬ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሁለት ጊዜ ደውላለች። እኔ ስደውል አታነሳም።

«በየት ሄዱ?»

«ሕፃኗ ርቧታል ሲሉ ማሪኔት ከተማ ያለውን ዓሣ ቤት ጠቆምኳቸው። ከሄዱ ሃያ ደቂቃ አይሆናቸውም።»

ጋራዡን ከፈትኩ። ሞተር አስነሳሁ። ኖርበርት እጃቸውን ዘርግተው «ማርሊስ! አልያዘም እኮ! ትልጪዋለሽ!»

«ዞር ይበሉልኝ!»

ነዳሁበት። ጎማው ከሥሬ እንደ ፕላስተር ጭርርር እያለ ሲላቀቅ ተሰማኝ። ገመዱንም በጥሼው ወጣሁ።

መንገዱን ሙሉ የምለውን ሳሰላስል ሄድኩ። ዓሣ ቤቱ ደጅ ደረስኩ፣ ረስል አይሪስን የመኪና ወንበሯ ላይ እያሰረ ነው። ኮሪን ስታየኝ ፊቷ ጭልም አለ። ያሰላሰልኩት ሁሉ በነነ። እሷ ግን ዓይኗ ጎማዬ ላይ ወረደ። ቅጠል፣ ጠጠር፣ የገመድ ቁራጭ... እንደ ዶሮ ላባ ለብሷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማሸጊያው ነው። አርብ የቀባሁት።»

«ሳይደርቅ ነዳሽበት? አንቺ?» አለች። «ልጅ ሆኜ በብስክሌት ጫፉን ስነካው ቤቱን በጩኸት ታፈርሺ የነበርሽው ሴትዮ?»

«ነዳሁበት።»

አፏን በእጇ ያዘች። ትስቅ ታልቅስ አልለየሁም። ያኔ ወደ ረስል ዞርኩ። «በዚያ በር አይገባም ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አልገፋፋኝም። በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ።»

የአይሪስን ቀበቶ አስሮ ጨረሰ። ኋላ «ይቅርታው ጊዜ ይፈልጋል» አለ። «ዓሣውን ግን እንዳትበዪ፣ እንደ ጫማ ቆዳ ነው።»

ኮሪን አይሪስን ፈትታ ሰጠችኝ። ጠረኗ ብስኩትና የፀሐይ ቅባት ነው። ጮኸችብኝ! ጀርባዋን ለጥጣ ወደ እናቷ ተንጠራራች። ለምን አትጮኽ፣ ማን ብላ ታውቀኛለች? መለስኳት። ክንዴ ላይ ክብደቷ ቀረ። ቤት እስክደርስ ነበር።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 10

ትምህርት ከተከፈተ ሁለተኛ ሳምንት። አራት መቶ ልጅ አብልቼ መጣሁ፤ አንዷ ባለ ሹሩባ «አመሰግናለሁ፣ አያቴ» ብላኝ ተሳስታ አፈረች። ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

መግቢያው ላይ ሁለት የተላጠ መስመር ከጋራዥ እስከ መንገድ ወርዷል። ኖርበርት ሲያልፉ ባዩት ቁጥር ይቃጠላሉ። «በጸደይ ልጠን እንደገና እንቀባዋለን፤ በስስ!» «በጸደይ እናያለን» አልኳቸው።

ኮሪን ረቡዕ ረቡዕ ትደውላለች። ወሬያችን አጭር ነው፣ ስለ አየር፣ ስለ አይሪስ ጥርስ። ስለዚያ ነገር ገና አላወራንም። ለበዓል እንመጣለን አላለችም፤ እኔም አልጠየቅኩ። ዛሬ ግን «ቆይ፣ የምትፈልግሽ ሰው አለች» አለችና ስልኩን ለአይሪስ ሰጠቻት። አንዲት ቃል አልተናገረችም። ትተነፍሳለች ብቻ፣ አፏን ስልኩ ላይ ለጥፋ፣ እርጥብ ትንፋሽ። እኔም አልተናገርኩም፣ እንዳላባርራት ፈርቼ። ወጥ ቤቱ መሃል ቆሜ፣ ሽርጤን ሳላወልቅ፣ ኮሪን መጥታ እስክትቀማት ድረስ ሰማኋት።