የድብ ባሕሩ ሹራብ

ማክሰኞ፣ ጥር 19። ከቀኑ 9 ሰዓት

እንደገና ፈታሁት። ቆብ መሆን ነበረበት፣ የድስት ክዳን ሆነ። ጠፍጣፋ። ጎረቤቴ እማማ ብርቄ፣ የመሪጌታ ባለቤት፣ በየዙሩ የክር ዓይን እየጨመርሽ ነው አሉኝ። እየቆጠርኩ ነው የምጨምረው። ታዲያ ምን ላድርግ። ኪሮሹ ጣቴን አቁስሎታል። የእርግዝናዬን ስምንተኛ ወር ይዣለሁ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ሥራ ከወጣሁ ወዲህ ሌላ የምሠራው የለኝም፣ አንዲት ቆብ ግን አልወጣልኝ አለች።

እማማ ብርቄ ደግሞ ሳይወለድ ልብስ አይደረደርም ባይ ናቸው። የሠራሽውን ከሣጥኑ ግርጌ ደብቂው ይሉኛል። ምን የሚደበቅ አለና! ከመፈታት ብዛት ክሩ ጸጉር አወጣ።

ባሌ ሙሉቀን ዛሬም ደባርቅ ነው። (ከዚህ በኋላ ሙ. ነው የምለው፣ እጄ ደክሟል።) የሚነዳው ሚኒባስ ቶሎ ከሞላለት ማታ ይገባል። መንገዱ በድብ ባሕር ያልፋል። ድብ ባሕር ማን እንዳለ አንተ ደብተር ታውቃለህ፣ ሰልችቶሃል እንጂ፦ የመጀመሪያ ሚስቱ ጥሩወርቅ። መንገድ ዳር ምግብ ቤት አላት። ልጃቸው ማስተዋልም እዚያው ናት፣ ዐሥር ዓመቷ። ልጄን ሳላይ አላልፍም ይላል። ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው የሚያናድደኝ።


ዓርብ፣ ጥር 22። ጠዋት

ትናንት በፌስታል ሹራብ ይዞ ገባ። የሕፃን። ቢጫ። ከድብ ባሕር የመጣልሽ ነው፣ ሸጋ አይደል አለ፣ ጫማውን እያወለቀ። እንዲህ ያለ ነገር ጫማ እያወለቁ ይነገራል?

ሸጋ ነው። ምን ልበል። እጅጌው እኩል፣ አንገቱ ዙሪያ ትናንሽ አበባ፣ ቁልፉ ሳይቀር በክር የተሠራ። ጥፋት ፍለጋ ስንቴ እንደገለባበጥኩት! አንድም የተዘለለ ዓይን የለውም። እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ አልኩት። ጥርሴን ነክሼ።

ጥሩወርቅ ለምን ላከችው? ነግሯት ነው። ከምግብ ቤቷ ተቀምጦ፣ የኔዋ ቆብ ስትሠራ ክዳን ሆነባት ብሎ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። አየኋቸው። አላየኋቸውም፣ ግን አየኋቸው።

እንግዲህ ልጄ ከሆዴ ወጥቶ መጀመሪያ ገላው ላይ የሚያርፈው የእሷ እጅ ሥራ ነው።


ማክሰኞ፣ ጥር 26። ከምሳ በኋላ

ተረተርኩት።

መጀመሪያ አሠራሩን ላይ ብዬ ነበር። ለሰው የምናገረው እንደዚህ ነው። የእጅጌውን ጫፍ ፈልቀቅ አደረግኩ፣ ክሩ መጣ፣ ሳብ አደረግኩ። ጥርርር ይላል። ደስ ሲል! አቁሚ አቁሚ የሚለኝ ነገር ነበር፣ አልሰማሁትም። እጅጌው አለቀ፣ ጀርባው አለቀ፣ አበባው አለቀ። ክሩ ጭኔ ላይ ተቆለለ። በዚሁ ክር እኔ ራሴ እሠራዋለሁ፣ ማን ያውቃል፣ ማንስ ይጠይቃል፣ ይህን ነበር የማስበው።

ግን ክሩ ግራ ያጋባል። አዲስ ሥራ ሲፈታ ክሩ ዘርጋ ይላል፤ ይሄ እንደ ተፈታ ሹሩባ ተጠቅልሎ ቀረ። ከላይ የገረጣ ነው፣ ስፌቱ ውስጥ የነበረው ግን ደማቅ ቢጫ። ብዙ ፀሐይ ያየ፣ ብዙ ሳሙና ያየ። ብብቱ ጋ ከውስጥ በሌላ ቢጫ ክር ተጠግኖ ነበር፣ አሁን ገና አየሁት።

አሮጌ ነው። የተለበሰ! ለኔ ልጅ አሮጌ ላከችልኝ!


ያው ማክሰኞ። ሙ. ከገባ በኋላ

ጠየቅኩት። ሹራቡ እንዳለ አስመስዬ።

አዎ አሮጌ ነው አለ፣ ምን ይገርማል በሚል ፊት። የማስተዋል ነበር። እናቷ ማስተዋልን አርግዛ ሳለች የሠራችው። እነ ጥሩወርቅ ዘንድ በደህና ያደገ ልጅ የለበሰው ለአራስ ልጅ ይበጃል ይባላል። ጥሩወርቅ አልላከችም፤ እሱ ነው ለምኖ ያመጣው። ቆቡ አልሆን ሲልሽ አሳዘንሽኝ አለ።

ስለዚህ ሴትዮዋ አልሳቀችም። ስለ እኔ ትንፍሽ አላለችም። ይሄን ሁሉ ቀን የሳቀችው እኔ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ይቀለኛል ብዬ ጠበቅኩ። ባሰብኝ። ስትሠራው አጠገቧ ነበረ። ክሩን ይዞላት ይሆናል። ሆዷ ሲገፋ መጀመሪያ የደነገጠው ያኔ ነው፣ ስም ያወጣው ያኔ ነው። ለኔ ሁሉ ነገር መጀመሪያ ነው፣ ለእሱ ያየው ነገር። በሹራቡ አይደለም የቀናሁት፣ ደብተሬ። እሷ ቀድማ ስላገኘችው ነው።

መፍታቴን አልነገርኩትም። እሱ እጁን እየታጠበ፣ ት/ቤት ስለሚዘጋ ቅዳሜ ማስተዋልን አመጣታለሁ አለኝ።

ጉድ ፈላ።


ረቡዕ፣ ጥር 27

ለእማማ ብርቄ አሳየኋቸው። አማተቡ። «ምነው ልጄ! የሰው ልጅ ልብስ እንዲህ ይበተናል?» ብቻ ነው ያሉኝ፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ክሩን በለብታ ውሃ አስነከሩኝ፣ አጠንፍፈን ሰቀልነው፣ ጫፉ ላይ ክብደት አንጠለጠሉበት። ሲደርቅ ተዘረጋ። ሙሉ በሙሉ አይደለም።

ጀመርኩ። ወገቤ።


ዓርብ፣ ጥር 29። ማምሻውን

ጨረስኩ። አንዱ እጅጌ ይረዝማል፣ አንገቱ ጭንቅላት አያሳልፍም፣ አበባ የለውም። አበባውን እማማም አያውቁትም። ግን ሹራብ ነው፤ አይቶ ሹራብ አይደለም የሚል የለም። በሌላ ክር ቢሆን እልል እል ነበር።

ሲታጠብ ተበላሸ እላለሁ። ወሰንኩ። ሙ. ልብስ አያይም፣ ልጅቷም ልጅ ናት።


ቅዳሜ፣ ጥር 30። 10 ሰዓት ገደማ

መጣች። ቀጭን፣ ግንባሯ የእሱ። ሙ. አድርሷት ጎሚስታ ጋ ሄደ፣ ጎማ ሊያስጠግን። ሁለታችን ቀረን። ሻይ አልጠጣም፣ ዳቦ አልበላም አለች። ቦርሳዋን አቅፋ ቆመች፣ የት/ቤት ቦርሳ። ሹራቤን ልየው አለች።

ሹራቤን!

አመጣሁላት። አገላበጠችው። አንገቱን ዳበሰች። አሸተተችው። ክሩን አወቀችው፣ በዓይኔ አየሁ። አበባውስ ብላ ጠየቀችኝ። ሲታጠብ የሚለው አፌ ላይ ነበር። ፈታሁት አልኩ።

«ምነው?»

በእናትሽ ቀንቼ አልኳት። እንዴት እንደወጣኝ እንጃ። ለዐሥር ዓመት ልጅ!

አላለቀሰችም። ቦርሳዋን ከፍታ አሳየችኝ። ባዶ። ሹራቡን እሷ አልሰጠችም። ት/ቤት ውላ ስትመለስ ከሣጥኑ አጣችው፣ እናቷ ለአባትሽ ሰጠሁት አለቻት። ማታ ማታ ከራስጌዋ አድርጋው ነው የምትተኛ። ልትሰርቀው ነው የመጣችው። ነግራኝ ስታበቃ ሆዴን ትክ ብላ እያየች፣

«አባየንም ሊወስድብኝ፣ ሹራቤንም?»

እኔ እናቷ ቀደመችኝ ብዬ እቃጠላለሁ፤ እሷ ደግሞ ገና ፊቱ ባልታየ ልጄ ትቃጠላለች። በእኔ ሰው ይቀናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ለአፍታ ደስ አለኝ፣ እውነቱን ልጻፈው። ከዚያ አፈርኩ።

ሹራቡ ያንቺ ነው ውሰጅው አልኳት። ይሄ የኔ አይደለም አለች። እንደነበረ ይሁን አለችኝ። እናቷ ትሠራዋለች ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አትሠራም፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ክር ከያዘች ቆየች። አበባውን እንዴት እንደሚሠራ ግን አልረሳችውም።

ሙ. ሲገባ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ቀናሁ። አሁንም፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ።


እሑድ፣ የካቲት 1

ለሙ. ነገርኩት፣ ሁሉንም። አንተም ልጅቷን ሳትጠይቃት መውሰድ አልነበረብህም አልኩት። ከዚያ ወጥቶ ልጁን ይቅርታ ጠየቃት። በመስኮት ሰማሁ።

ከሰዓት እኔና ማስተዋል የኔን ሹራብ ፈታነው። እሷ ሳበች፣ እኔ ጠቀለልኩ። አንዴ ሳቀች፣ በረጅሙ እጅጌ።

ነገ ይመልሳታል። እኔም እሄዳለሁ። እማማ ብርቄ በዚህ ሆድሽ በዚያ ብርድ ብለው ተቆጡ፤ ጤ/ጣቢያ ደውዬ ጠይቄአለሁ፣ ቀስ ብላችሁ ከሄዳችሁ ግዴለም አሉኝ። ሙ.ን የፊት ወንበር ያዝልኝ አልኩት። ለልጄ ቆብ ከቅዳሜ ገበያ እገዛለሁ፣ አለቀ። ይሄ ክር ግን የማስተዋል ነው፣ እንደነበረ እስኪሆን ሌላ አልጀምርም።

ይቅርታ ማለቱን አልፈራውም፤ እላለሁ፣ ያልቃል። የምፈራው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ከምግብ ቤቷ፣ እሱ ከሚቀመጥበት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ኪሮሹን አውጥቼ፣ ጥሩወርቅ አበባውን አስተምሪኝ ልላት ነው።