ከጃኬትህ የወጣው የድንጋይ ጥጥ

ይድረስ ለልጄ ለይታገሱ፤ አሸተን ማርያም በሄድክበት ትከተልህ፣ ከክፉ ሁሉ ትሰውርህ። እኔም አባትህም ደህና ነን። ገብሱ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፣ ጊደሯም ወልዳለች። እኔ ግን ባንተ በጣም ተናድጃለሁ።

ጓደኛህ ኢያቄም ከዱባይ ሲመጣ ለአባትህ የላክኸውን የሥራ ጃኬት አደረሰን። ለአባትህ ከመስጠቴ በፊት ላጥበው ብዬ ብነካው፣ ጥጥ መሳይ ብናኝ ረገፈ፤ ክንዴም ሳማ እንደለበለበው ቀልቶ አሳከከኝ። ኢያቄምን "ይኼ ምንድን ነው?" ብዬ ስጠይቀው አቀረቀረ።

"የድንጋይ ጥጥ ነው፣ እትዬ። ድንጋይ አቅልጠው እንደ ጥጥ ያደርጉታል። ሕንፃውን እሳት እንዳይበላው፣ ድምፅም እንዳያልፍ፣ ይታገሱ በቱቦ ጣሪያው ላይ ይረጨዋል" አለኝ።

"አፍና አፍንጫውን ይሸፍናል?"

"ማስክ ይሰጡናል። እሱ ግን ሙቀቱ ሲብስበት ያወልቀዋል።"

ቢሮ ነው የምሠራው አላልከኝም? በስልክ እየሳልክ "ብርድ መቶኝ ነው" ስትለኝ፣ እኔ ሞኟ ለጋቢህ ጥጥ ስፈትል ከረምኩ! ዱባይ ደግሞ ምን ብርድ አለ? በሥራህ አላፍርም፤ ለምን ዋሸኸኝ? የሰው ሕንፃ እንዳይቃጠል ስትደክም ትውላለህ፣ ለገዛ ሳንባህ ግን መሸፈኛ ትነፍገዋለህ! ለአባትህ አልነገርኩትም፤ ቢሰማ እንቅልፍ አይወስደውም።

በል፣ የተሸከመችህ ማሕፀኔ ትባርክህ፤ እግዚአብሔር ደረትህን ያጽናልህ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ሥራ ላይ ሆነህ፣ ማስክህን እንዳጠለቅህ ፎቶ ላክልኝ። ፊትህ ባይታይም ግድ የለም፤ ዓይንህን አውቀዋለሁ።

እናትህ ደብሪቱ