ኮፈኑ ክፍት ነበር

ስታንካ፣

ትናንት መኪናው አልነሳ ሲልሽ «እማማ፣ እርስዎ ስለ መኪና ምን ያውቃሉ?» ብለሽ አፌን አስዘጋሽኝ። ትምህርት ቤት ባልገባም ሃያ ዓመት የኅብረት እርሻውን ትራክተር ነድቻለሁ።

ማስነሻው ሞተሪኖ ያዞራል፣ ቤንዚኑም ይሸታል። የጠፋው እሳቱ ነው። እሳቱን የሚያከፋፍለው የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ረጥቧል፤ ከፍተሽ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው። የእኔ ጣቶች ማያዣውን ማላቀቅ አቃታቸው። ታግዬ ታግዬ ተውኩት።

መካኒኩ ቬሊን ሞተሩን ደህና አድርጎ ነው የጠገነው። በከንቱ ሰደብሽው፤ ይቅርታ ጠይቂው።
መኪናው ከጥገና ሲመለስ፣ እንደ ልማዳችን መንገዱ እንዲቀና ብዬ ውሃ የደፋሁበት እኔ ነኝ።
ኮፈኑ ክፍት ነበር።

እህቴን ቀትር ላይ ፕሌቨን ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ያስገቧታል። ሳላያት እንዳትገባ ብዬ በእግሬ ወጥቻለሁ፤ አውቶቡስ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ከዳቦ ቤት እንደተመለስሽ መኪናውን አስነሺና ከመንገድ አንሺኝ።

ስትወጪ ማንም ውሃ እንዳይደፋልሽ!