በበረዶው ላይ የቀረው ዱካሽ

ቤዛዬ፣ ልደታ ማርያም በምትረግጪው ሁሉ ትቅደምልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጥምቀት ስለደረሰ ጌጃ ሰፈር ያለው የጫማ ሱቃችን ገበያ ደርቶለታል።

እዚያ ባሕር ማዶ፣ ከበረዶ መንሸራተቻው አጠገብ ካለው ተራራ በእግርሽ ስትወርጂ የተነሳሽው ፎቶ ደረሰኝ። ጎረቤታችን ወይዘሮ መሰለች «ጃኬቱ እንዴት አምሮባታል» አለች፤ እኔ ያየሁት ከኋላሽ የቀረውን ዱካ ነው። «የተሰበረው እግሬ ድኗል» ስትዪኝ አላመንኩሽም ነበር፤ እኛ ቤት ሕመም ለሩቅ ሰው አይነገርማ። ጫማ ሻጭ ግን አይታለልም፤ የሚያነክስ ሰው አንዱን እግሩን ይጎትታል፣ ያንቺ ሁለቱም እኩል ረግጠዋል። ተመስገን።

አባትሽም የዓይን ሞራውን ካስገፈፈ ወር ሆነው፤ እስኪድን ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ዱካሽን ያለ መነጽር አየው።

እባክሽ ዱካሽ እንዲታየን ከኋላ የተነሳሽውን ሌላ ፎቶ ላኪልን። እንቅፋት አይንካሽ።

እናትሽ ሸዋዓለም