ከል ለብሰን ልንዝናና የሄድን ዕለት

ይድረስ ለታዱ፣ አድራሻውን ሳይነግረን ለሄደው።

ለጤናህ እንደምን ነህ ልል ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። በሕይወት ሳለህም ይህን ጥያቄ አትወደውም ነበር፤ «ቆሜ እያየሽኝ?» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ያንተን ጤና ትቼ የእኛን ልንገርህ። ከተለየኸን ሦስተኛው ክረምት እየገባ ነው። አሸዋ ሜዳ እንደምታውቃት ናት፤ ሲዘንብ ጭቃ፣ ሲያባራ አቧራ። ጎረቤታችን ያን ሲጀምረው የሳቅክበትን ፎቅ ጨርሶ አከራይቶታል። ከሰዓት በኋላ ጥላው ግቢያችን ላይ ስለሚወድቅ ልብስ የማሰጣው በጠዋት ሆኗል። አይሱዙህን ወንድምህ ይነዳታል። በራችን ላይ ሲደርስ ክላክስ እንዳያደርግ ነግሬዋለሁ፤ ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፣ ገብቶታል።

እኔም ስፌቴን አልተውኩም። የሚዜ ቀሚስ ነው፣ የልደት ልብስ ነው፣ ሮዝና ቢጫ ጨርቅ መሃል ተቀምጬ እውላለሁ። የምሰፋላቸው ሰዎች ግን እኔን ሲያዩ ፈገግታቸውን ይሰበስባሉ። ከሌን አላወለቅኩማ! ዓመትህ ሲወጣ ጎረቤቱ ሁሉ «በቃሽ፣ አውልቂ» ብሎኝ ነበር። ነገር ግን እናትህ ከሱሉልታ በመጡ ቁጥር ከላይ እስከ ታች ጥቁራቸውን ለብሰው ነው የሚመጡት። የወለደች እናት ሳታወልቅ ሚስት ቀድማ ነጭ ብትለብስ አገር ምን ይላል? እኔስ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? እሳቸው እስኪያወልቁ ልጠብቅ አልኩና ጥቁሬን እያጠብኩ መልበሴን ቀጠልኩ።

አሁን ስለ ልጅህ ልንገርህ፤ የደብዳቤዬም ምክንያት እሷው ናት። ሲፉ አሥራ ስድስት ዓመቷን ይዛለች። ቁመቷን ካንተ፣ ኩርፊያዋን ከእኔ ወስዳ ቤቱን ሞልታዋለች። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ሰሞን እራት እየበላን ሳለ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አክስቴ ጋ ሄጄ እዚያ ልማር አለችኝ። ለምን ብላት ትምህርት ቤቱ ይሻላል አለች። ትምህርት ቤቱን በዓይኗም አላየችው። እህቴ በበኩሏ ክፍል አለኝ፣ ትምጣ ብላለች። እኔ ምን ልበል? እሺም እምቢም ሳልል ሳህኑን አነሳሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ አንተን አፈር ወሰደብኝ፣ እሷን ደግሞ ኮንዶሚኒየም ሊወስድብኝ ነው እያልኩ ተገላበጥኩ።

ሳትሄድብኝ ልያት፣ አንድ ቀን እንኳ አብረን እንሳቅ ብዬ ያሰብኩት ያኔ ነው። ትዝ ይልህ እንደሆነ ሕፃን ሳለች መዝናኛ ፓርክ እወስድሻለሁ እያልክ በየሳምንቱ «የሚመጣው እሁድ» ብለህ ሸውደሃታል። እኔ የሚመጣውን እሁድ አመጣሁላት። ስነግራት ከስልኳ ቀና ብላ «ማሚ፣ አሁን? ትልቅ ሰው ሆኜ?» አለች። እምቢ ግን አላለችም። የእሷ እምቢ አለማለት በዚያ ሰሞን ለእኔ እንደ ፋሲካ ነበር።

እናትህ ዓይናቸውን ሊታዩ መጥተው እኛ ጋ ሰንብተው ነበር። የት እንደምንሄድ ሲሰሙ «እኔስ? ኤሌክትሪክ ላይ ተቀምጦ መዞር የሚባለውን ሳላይ ልሙት?» ብለው ጫማቸውን አጠለቁ። እንግዲህ ሦስታችንም ተነሳን። እኔ ዶሮ ሠርቼ፣ እንቁላል ቀቅዬ፣ ዳቦ ቆርጬ በትልቅ ፌስታል ቋጥሬያለሁ። ፓርኩ ያለው ከተማው ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው፤ ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ብለን ታክሲ እየቀያየርን፣ በየሰልፉ እየቆምን ደረስን።

የሞተ ተጎዳ ይላሉ፤ በሩ ላይ ከገጠመን ነገር ግን አንተ ተርፈሃል። ጥበቃው እኔንና እናትህን ከእግር እስከ ራስ አየንና ኮፍያውን አወለቀ። አንገቱን ሰበር አድርጎ «እግዜር ያጥናችሁ እናቴ፤ ድንኳኑ እዚህ አይደለም፣ በኋላ በኩል ዞራችሁ ነው» አለን። ለካ ከፓርኩ ጀርባ ለቅሶ ኖሯል! ሁለት ጥቁር ለባሽ ሴቶች ፌስታል ሙሉ ምግብ ይዘው ሲመጡ ሌላ ምን ይገምት? እናትህ መልካም ሰው አይደሉ፣ «ማነው የሞተው? ማሎ፣ ወይኔ!» ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ትንሽ ብቆይ ኖሮ ለቅሶውን ደርሰን በተመለስን። ሲፉ ከእኛ ጋር እንዳልመጣች ሰው ወደ ሌላ በኩል ዞራ ቆመች። ጆሮዋ ቀልቶ ነበር።

ነገሩን አስረድተን ስንገባ ደግሞ ምግብ ከውጭ ማስገባት ክልክል ነው ብለው ፌስታሉን በሩ ላይ አስቀመጡብን። ከገባን በኋላ መብራት እንደሌለ ሰማን። ጄኔሬተሩ የሚችለው የሕፃናቱን መጫወቻ ብቻ ነው። ሲፉ በስልኳ ያየችው ውሃ ላይ የሚወረወረው ጀልባ ታጥሮ ውሃው ላይ ቅጠል ተንሳፍፏል። በትንንሾቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ልትሳፈር ብትሰለፍ ተቆጣጣሪዋ «እህት፣ ይሄ ለልጆች ነው፤ ጉልበትሽ አይገባም» አለቻት። ከኋላዋ የተሰለፉት ሕፃናት ሳቁ። እሷም መጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና «ደባሪ ነው» አለች፤ ከዚያ በኋላ ከስልኳ ጋር ሆነች።

እኔም ከጎኗ ተቀመጥኩ። እናትህ ሕፃናቱ ሲዞሩ እያዩ ብቻቸውን ይስቃሉ። የሲፉን እጅ ልይዝ አሰብኩና ተውኩት። ይኸው ነው፣ አለቀ፣ ልጄ ትሄዳለች አልኩ በልቤ። ደመናው ደግሞ በእንጦጦ በኩል እየጠቆረ መጣ። ያኔ ምን እንደተሰማኝ ብትጠይቀኝ ተናደድኩ፤ በፓርኩም፣ በመብራቱም፣ ቀድመኸኝ በመሄድህም በአንተ ተናደድኩ።

ድንገት ሰዉ እልል አለ። መብራት መጣ! ቆሞ የነበረው ፎቅ የሚያክል ትልቅ ጎማ ወንበሮቹን አንጠልጥሎ መዞር ጀመረ። እናትህ ከሁላችን ቀድመው ተነሱ። ሲፉም ለእሳቸው ስትል ተከተለች። ተራችን ሲደርስ ግን ተሳፋሪ የምታስገባው ሴት እጇን ዘረጋችብን። «ነጠላ ለብሶ መውጣት አይቻልም፤ ብረቱ ላይ ይጠመጠማል። አውልቃችሁ ለልጅቷ ስጡ ወይም እዚህ አስቀምጡ» አለች።

ለሌላ ሰው ቀላል ነገር ነው። እኔ ግን የነጠላዬን ጫፍ ጨበጥኩ። ያ ጥቁር ነጠላ ከቀብርህ ቀን ጀምሮ ከቤት ስወጣ ከትከሻዬ ወርዶ አያውቅም። በእናትህ ፊት፣ ያውም ለጨዋታ ላወልቀው ነው? እናትህን አየኋቸው። እሳቸውም የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጠው እኔን ያያሉ። ከኋላችን ሰልፉ ያጉረመርማል።

«እማዬ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«አንቺ ሳታወልቂ? ሚስትየው ከሏን ለብሳ እኔ እናትየው አውልቄ? ሰው ምን ይለኛል?» አሉኝ እሳቸውም በሹክሹክታ። «አንቺን ስጠብቅ አይደል እንዴ እስካሁን!»

ታዱ፣ ሰማህልኝ? ለካ እሳቸው በሱሉልታ፣ እኔ በቡራዩ አሸዋ ሜዳ፣ አንዳችን የሌላችንን ሐዘን እንዳንነካ ብለን ስንጠባበቅ ነው የኖርነው። እሳቸው የእኔን ጥቁር ባዩ ቁጥር «ልጅቱ ገና አልወጣላትም» ብለው ይመለሳሉ። እኔ የእሳቸውን ባየሁ ቁጥር «እናት እኮ ናቸው» ብዬ እቀመጣለሁ። ዓመቱ ሲወጣ አንዳችን አፍ አውጥተን ብንጠያየቅ ምን ነበረበት? ይሉኝታ አሰረን።

ሲፉ መሃላችን ቆማ ሁለታችንንም እያፈራረቀች አየችን። አያቷን በኦሮምኛ ጠርታ «ቆይ፣ አኮ፣ እርስዎ ማሚን እየጠበቁ፣ ማሚ ደግሞ እርስዎን?» ስትል ሳቋ መጣ። የሳቋ ግማሽ ላይ እንባዋ መጣ። ያንን ሁሉ ሕዝብ ሳታፍር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እኔ እኮ ጓደኛ ቤት ማምጣት አልቻልኩም! ሰው ሲገባ ዛሬ የሞተ ነው የሚመስለው። መሳቅ አሳፈረኝ፣ ሙዚቃ መክፈት አሳፈረኝ። አባቴን ረስቼ አይደለም ኮዬ ፈጬ ልሂድ ያልኩት። ቤታችን ውስጥ ለቅሶው እንጂ እሱ የለም!» አለች።

 ተሳፋሪ የምታስገባው ሴት የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች።

ከል የሚያወልቅልህ ሌላ ሰው ነው፤ ይህን ታውቃለህ። እናትህ ወደ እኔ ተጠግተው ነጠላዬን በሁለት እጃቸው ከትከሻዬ አነሱት። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በቃ» አሉኝ። ስትታመም ማስታመሜን፣ አንድ ቀን ፊቴን አንተ ላይ አለማጥቆሬን እዚያው እያነሱ መረቁኝ። እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። ከዚያ እኔም የእሳቸውን አነሳሁላቸው። ፀጉራቸው እንዲህ ነጭ መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። አንድ ሰልፈኛ ሰውዬ «እሰይ! እግዜር ደስታውን ያምጣላችሁ» አለና ሰዉ አጨበጨበ። ሰው ፊት በማልቀሴ ላፍር ይገባ ነበር፤ አላፈርኩም።

ስለ ጎማው እንኳ የምነግርህ የለም። እናትህ ዓይናቸውን ጨፍነው «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ አለቀ። ሲፉ ስንወርድ «በቃ? ይሄው ነው?» አለች። ወዲያው ዝናቡ ወረደ፣ ፓርኩም ተዘጋ። ፌስታላችንን ተቀብለን አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠልለን ቀዝቃዛውን ዶሮ በዳቦ በላን። ጥበቃው መጥቶ አብሮን በላ፤ ስለ ድንኳኑ ይቅርታ ጠየቀን፤ እናትህም ሟቹ ማን እንደሆነ በዝርዝር አስነገሩት። ሲፉ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ስትስቅ ትከሻዬ ቀለለኝ። ብርድ ብቻ ነበር፤ ነጠላ አልለበስኩማ።

በሳምንቱ እናትህ ነጭ ነጠላ ይዘውልኝ መጡ። እኔም ለእሳቸው ቀሚስ ሰፍቼ ጠበቅኳቸው። ስለ ኮዬ ፈጬ ሲፉ አላነሳችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። እህቴ ስትደውል «ቆይ እስቲ» ስትላት ሰማሁ። ከ«ቆይ እስቲ» በላይ አልለመንኩም። ብትሄድም እንኳ ሸሽታን እንደማትሄድ አሁን አውቃለሁ፤ ያ ይበቃኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ጓደኞቿን ይዛ መጣች። እኔ ከመጋረጃው ኋላ የስፌት መኪናዬ ላይ ነበርኩ። አንደኛዋ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶህን አይታ ማነው አለች። እግሬን ከፔዳሉ አነሳሁ። ሲፉ «አባቴ ነው» አለችና ከሱሉልታ ሯጮች ጋር የተወዳደርክበትን ታሪክ ጀመረች። የእውነቱን እኔና አንተ እናውቀዋለን፤ አይሱዙዋ ድንጋይ ጭና ዳገቱ ላይ ስታቃስት ሯጮቹ በእግራቸው አልፈውህ፣ አንተም በመስኮት ብቅ ብለህ «ግፉልኝ እንጂ!» ብለሃቸዋል። እንደ ልጅህ አተራረክ ግን መኪናዋን ዳር አቁመህ፣ ጫማህን አውልቀህ፣ ሁሉንም ቀድመህ ዳገቱ ጫፍ ላይ ከደረስክ በኋላ መኪናዋን ልትወስድ ቁልቁል በሩጫ ተመለስክ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። አንደኛዋ «የምርሽን ነው?» ስትላት «አባቴ ውሸት አያውቅም» አለቻት!

አፌን በምሰፋው ጨርቅ ይዤ ሳቅኩ። ሳቄን ሰምተው እነሱም ባሱ። ቤታችን ውስጥ በዚያ ቀን አንተ ነበርክ ታዱዬ፤ እንደ ሟች አልነበርክም፣ እንደ ራስህ ነበርክ። እንግዲህ ቃሌን ልስጥህ። አልረሳህም፤ ያን ጨርቅ ማውለቄ አንተን ማውለቅ አይደለም። ስትናፍቀኝ አለቅሳለሁ፣ ሳስታውስህ ግን እስቃለሁ። የልጅህንም ወሬ አላርማትም። ለልጆቿ ስታወራ ብደርስ እኔ ምስክር ሆኜ እቆማለሁ፤ እዚያ ዳገት ላይ ያሸነፍከው አንተ ነህ።

ያንተው
ብርቄ